ዊልያም ሄርንደን፦ የስፕሪንግፊልዱ ጠበቃ

ዊልያም ሄርንደን (1818–1891 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በጥብቅና የሠሩና በከንቲባነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ዘወትር የሚታወሱት የአብርሃም ሊንከን የሥራ ሸሪክ ተብለው በመሆኑ የራሳቸው ሥራ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም።

የተወለዱት በኬንታኪ ሲሆን ወደ ኢሊኖይ የመጡት በሕፃንነታቸው ነው። አባታቸው በጃክሰንቪል ከሚገኘው ኢሊኖይ ኮሌጅ ያስወጧቸው የፀረ ባርነት ትምህርት እንዳያድርባቸው ሰግተው ነው ይባላል፤ ይህን ግን የሚጠራጠሩ አሉ።

በ1844 ሊንከን፣ በዘጠኝ ዓመት የሚያንሷቸውን ሄርንደንን ሸሪክ አድርገው መረጡ፤ የጥብቅናውንም ገቢ እኩል ይካፈሉ ነበር። ሊንከን በጸደይና በመከር ከዳኛውና ከሌሎች ጠበቆች ጋር ከአውራጃ አውራጃ እየተዘዋወሩ ሲከራከሩ፣ ቢሮውን የሚጠብቁትና ለክርክር የሚያስፈልገውን የሕግ ማስረጃ የሚያሰባስቡት ባብዛኛው ሄርንደን ነበሩ። በ1854 ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ የአልኮል ሽያጭን ለማስቆም ታግለዋል። ራሳቸው በመጠጥ መቸገራቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ይህ በጥብቅና ሥራቸው ላይ አደረሰ የሚባለው ጉዳት የተጋነነ ይመስላል። በባርነት ጉዳይ ከሸሪካቸው ይልቅ የቆረጠ አቋም የነበራቸው ሲሆን፣ በኢሊኖይ የሪፐብሊካን ፓርቲን ለማደራጀትም ብዙ ደክመዋል።

ትልቁ ሥራቸው የጀመረው ሊንከን በ1865 ከተገደሉ በኋላ ነው። ሌሎች ሟቹን እንደ ቅዱስ ሲያወድሱ፣ ሄርንደን ምስክር እንደሚያቆም ጠበቃ ሊንከንን በቅርብ ወደሚያውቋቸው ሰዎች ሄዱ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የሊንከንን አረጋዊት እንጀራ እናት፣ ሣራ ቡሽ ሊንከንን፣ በቤታቸው አነጋግረው ቃላቸውን ጻፉ፤ ሊንከን በወጣትነታቸው የኖሩባትን የኢሊኖይ መንደር፣ የኒው ሴለምን፣ የቀድሞ ጎረቤቶች ጠየቁ፤ ሊንከን በልጅነታቸው ወደኖሩባቸው ወደ ኬንታኪና ወደ ኢንዲያናም ደብዳቤ ላኩ። ተራ ገበሬዎችና ባለሱቆች ስለ ወጣቱ ሊንከን የሚያውቁት ሁሉ ከእነሱ ጋር ወደ መቃብር እንዳይወርድ ያደረገው ይህ ትጋት ነው።

በ1866 ስለ ሊንከንና በኒው ሴለም ትኖር ስለነበረችው ወጣት ስለ አን ራትሌጅ ፍቅር ያሰሙት ንግግር የሊንከንን ባለቤት እጅግ አስቆጣ። የታሪክ ሊቃውንት በፍቅሩ እውነትነት ላይ ዛሬም አይስማሙም፤ ይሁንና ሄርንደን ወሬውን ፈጠሩት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፣ ምክንያቱም የጎረቤቶቹ ቃል በጽሑፍ አለ። ለወይዘሮ ሊንከን በጎ አመለካከት እንዳልነበራቸው ግን ጽሑፋቸው በግልጽ ያሳያል።

ጥብቅናውን ችላ ብለው በምርምርና በእርሻ መጠመዳቸው ለድህነት ዳረጋቸው። በ1869 የሰነዶቻቸውን ግልባጭ የሊንከን ወዳጅ ለነበሩት ጠበቃ ለዋርድ ሂል ላሞን ሸጡ። በመጨረሻም ከጸሐፊው ጄሲ ዊክ ጋር ያዘጋጁት ባለ ሦስት ቅጽ የሊንከን የሕይወት ታሪክ በ1889 ታተመ። ሄርንደን ከሁለት ዓመት በኋላ ያረፉ ሲሆን፣ የሰበሰቧቸው ደብዳቤዎችና ቃለ ምልልሶች አብዛኛው ክፍል ዛሬ በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።