የኤታኖል ነዳጅ ጥቅምና ጉዳት በሰሜን ሸዋ

ኤታኖል ከስኳር ወይም ከእህል የሚወጣ አልኮል ነው። ብቻውን ወይም ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ለመኪና ያገለግላል። አገራችን የምታውቀው ድብልቁን ነው። አምስት በመቶ ኤታኖል ያለበት ኢ5፣ አስር በመቶ ያለበት ኢ10 ይባላል። በሰሜን ሸዋ ነገሩን ለብቻው ማየት ያስፈለገው በመልክዓ ምድሩ ምክንያት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አንዱ ነዳጅ በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም።

አረቄና ነዳጅ

የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው። በጌሾና በብቅል ተጠንስሶ የሚወጣው አልኮልና ቤንዚን ውስጥ የሚገባው አልኮል አንድ ናቸው። ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። አረቄ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ዳግም አረቄም ቢሆን ሞተር አያስነሳም። በተራ ማጣራት ከ95.6 በመቶ በላይ ማለፍ አይቻልም፤ ለቤንዚን የሚሆነው ግን ወደ 99.5 በመቶ መድረስ አለበት። የቀረችውን ውሃ ለማውጣት ፋብሪካ ያስፈልጋል። ስለዚህ «አረቄ ቅዳልኝ» የሚለው ቀልድ ማደያው ላይ ቀልድ ሆኖ ይቀራል።

ታሪክ

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1975 በመንግሥት ፕሮግራም ጀምራ ዛሬ በቤንዚኗ ውስጥ ከሩብ በላይ ኤታኖል ትቀላቅላለች።

የኢትዮጵያ ታሪክ ከስኳር ፋብሪካ ይጀምራል። ስኳር ተመርቶ የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። ኤታኖል የሚወጣው ከእሱ ነው። መጀመሪያ ያመረተው ወለጋ ያለው ፊንጫ ነው፤ በኋላ መተሐራ ተጨመረ። የባዮፊውል (ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅ) ስትራቴጂ በ2000 ዓ.ም. ወጣ። በ2001 ዓ.ም. ኢ5 አዲስ አበባ ላይ መሸጥ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ወደ ኢ10 አደገ። መጀመሪያ የደባለቀው ነዳጅ አከፋፋዩ ናይል ፔትሮሊየም ነው፤ ኦይል ሊቢያና ኖክ ቀጥለው ገቡ። የመጀመሪያው መደባለቂያ የነበረው ሱሉልታ ላይ ነው። ሱሉልታ ዛሬ ካርታው ላይ የት ትካተታለች የሚለውን እንተወውና፣ በቀድሞው አከላለል የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ነበረች። የአገሪቱ የመጀመሪያ ኤታኖል ድብልቅ ከሸዋ ደጋ ነው የወጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስርጭቱ ግን አዲስ አበባ ላይ ያተኮረ ነበር። የሰሜን ሸዋ ሹፌር ያገኘው ሸገር ሞልቶ ሲወጣ ነው። ኋላ የኤታኖል አቅርቦት እያጠረ ድብልቁ ተቆራርጦ ቀረ።

ደጋው ላይ

ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። በአሮጌ መኪና ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ለዝቅተኛ ቦታ የተለካለትን ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። አየሩ ስለማይበቃ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ኤታኖል ከክብደቱ ሲሶ በላይ ኦክስጅን ነው። አየሩ የነፈገውን በከፊል ነዳጁ ራሱ ይዞ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1988 የክረምት ቤንዚኗ ኦክስጅን ያለው ነገር እንዲጨመርበት ያስገደደችው የዴንቨርን መርዛማ ጭስ ለመቀነስ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደብረ ብርሃን ጋር ስትተያይ ቆላ ናት ማለት ነው። በእኔ ግምት ለአሮጌ መኪና የኤታኖል ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ካርቡሬተር የሌለው፣ ቤንዚኑን እየለካ የሚረጨው ኢንጀክሽን መኪና ግን በሴንሰር ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ ብዙም አይታይበትም።

ኤታኖል ብዙ የሚወራለትን ኦክቴን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተር እንዳያንኳኳ ይረዳል። ስስ አየር ግን ማንኳኳቱን ራሱ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ይህ ጥቅም ደብረ ብርሃን ላይ ያንሳል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ይበልጥ ይታወቃል።

ብርዱስ? ንጹህ ኤታኖል ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች በቀላሉ አይቀጣጠልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት መኪና ማስነሳት ፈተና ይሆን ነበር። በኢ5 እና በኢ10 ግን ቤንዚኑ ቀድሞ ስለሚቀጣጠል ችግሩ የለም።

ጣርማ በር

ዋናው ጉዳት ዳገቱ ላይ ነው። ጥቂት ኤታኖል ሲገባበት ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ሞተሩ ይግላል፣ የአየሩ ግፊትም ይቀንሳል። ያኔ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ሹፌሩ ኮፈን ከፍቶ እስኪበርድ ይጠብቃል። ይህ የካርቡሬተር መኪና ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ኤታኖል እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛ፣ በተለይም በብርድ፣ አልኮሉ ከውሃው ጋር ተለይቶ ታች ይዘቅጣል። ሞተሩ ከታች ሲስብ ይቆማል። ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር በሚሸጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሮጌ ጎማና ፕላስቲክ ቱቦም ይጎዳል። በቱቦ ውስጥ የቆየ ቆሻሻን ስለሚያነሳ ፊልትሮ ይደፍናል።

የኪሎ ሜትሩ ነገር አያከራክርም። አንድ ሊትር ኤታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን ሲሶ ያህል ያነሰ ጉልበት አለው። በኢ10 የሚቀነሰው ሦስት በመቶ ገደማ ነው።

ከእህልና ከወንዝ ጋር

አሜሪካ በቆሎ ታነድዳለች። የእኛ ከሞላሰስ ስለሆነ የምንጃር ጤፍ አልተነካም። የሚያሳስበው አተላው ነው። ከአንድ ሊትር ኤታኖል ከአስር ሊትር በላይ አተላ ይወጣል። በአግባቡ ማሳ ላይ ከዋለ ማዳበሪያ ነው፤ ወንዝ ከገባ አሳ ይጨርሳል። አፋር ያለው የከሰም ስኳር ልማት የሚጠጣው ውሃ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የሚወርደው የከሰም ወንዝ ነው። ሞላሰሱ ወደ ኤታኖል ቢዞር የሸዋም እጅ አለበት ማለት ነው።

ማንን ይመለከታል

አይሱዙውም አውቶቡሱም የሚሄደው በናፍጣ ነው፤ ኤታኖል አይነካቸውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የቀሩት ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና አሮጌዎቹ የቤት መኪኖች ናቸው። ብዙዎቹም ካርቡሬተር ያላቸው ናቸው።