የተጣራ የትኬት ገቢ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሰው በአምባሰልና በባቲ ቅኝት ሲያጨበጭብ አምሽቶ፣ ባንዱ ግን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ውሉ ላይ ያለች አንዲት ቃል ናት፦ «ከተጣራው»።

የተጣራ ገቢ ማለት ከትኬት ሽያጩ መጀመሪያ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቀጥሎ የዝግጅቱ ወጪ ተነስቶ የሚተርፈው ነው። ባንዱና አዘጋጁ የሚካፈሉት ይህንኑ ነው።

በምሳሌ እንየው። 1,000 ትኬት በ500 ብር ቢሸጥ 500,000 ብር ይገባል። አዘጋጁ የታክሱ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶው ዋጋው ውስጥ ስላለ 500,000ን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ 434,783 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከ500,000 ላይ በቀጥታ 15 በመቶ ሲነሳ 75,000 ይሄዳል፤ ትክክለኛው ታክስ ግን 65,217 ነው። አዳራሽ፣ ሳውንድ ሲስተም፣ ጄኔሬተር፣ ፖስተር፣ ጥበቃና መኝታ 240,000 ቢፈጁ 194,783 ይተርፋል፤ ባንዱ በ70 በመቶ ከተዋዋለ 136,348 ብር ይደርሰዋል።

አሁን ሽያጩ 700 ትኬት ላይ ይቁም። ወጪው አይቀንስም፤ የባንዱ ድርሻ ግን ወደ 45,044 ይወርዳል። ስለዚህ ውሉ ላይ ዝቅተኛ ክፍያ፣ ለምሳሌ 100,000 ብር፣ ተጽፎ «ከሁለቱ የሚበልጠው» መባል አለበት። «ወይም» ብቻ ከሆነ አዘጋጁ ትንሹን ይመርጣል። ከዚሁ ላይ ግማሹን በቀብድ መቀበል ይሻላል፤ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ዝግጅቱ ቢሰረዝ የመንገዱ ወጪ ባንዱ ላይ ይወድቃል።

የወጪው ጣሪያም በቁጥር ይጻፍ፤ ደረሰኝ የሌለው አይቀነስ። ነጻ ትኬት ደግሞ ሳይታይ የሚያፈስ ቀዳዳ ነው፦ ከ1,000 መቶው በነጻ ቢታደል ከባንዱ ድርሻ 30,435 ብር ይጎድላል። ትኬቱ ተራ ቁጥር ይኑረው፤ ያልተሸጠው ተመልሶ፣ በር ላይ ከተቀደደው ጉርድ ጋር ተመሳክሮ፣ ሒሳቡ ባንዱ ከከተማው ሳይወጣ ይዘጋ።

ወሎ ውስጥ ቀን መቁረጥም ራሱ ገቢን ይወስናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይገባል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ በሚኖርበት ከተማ ሁለቱንም ሳያዩ አዳራሽ መከራየት ግማሹን ተመልካች ቤቱ ማስቀረት ነው።