ባዶ በርሜል ባዶ አይደለም፦ ቢራን አየር ሳይነካው ስለማዛወር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ቢራ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ዳሽንም ሐበሻም እዚሁ ፋብሪካ አላቸው። የብቅል ፋብሪካም አለ። ዙሪያው ደጋ ደግሞ የገብስ አገር ነው። ቤቱ ውስጥ በ19 ሊትር የብረት በርሜል ቢራ የሚሞክር ሰው እዚህ ቢገኝ አይገርምም። ይህ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ቢራውን ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው ማዛወሩ አይቀርም። አንዳንዴ አተላውን ትቶ ጥሩውን ለመውሰድ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ግማሹን ለወዳጅ ድግስ ለማካፈል። ምክሩ የሚበዛውም፣ ቢራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚያበላሸው ደግሞ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው።

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ትንሽ ልቀቅበት፣ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል»

ግማሹ እውነት ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ክብደት 44 ነው፤ የአየር አማካይ 29 ገደማ። ችግሩ ጋዞች እንደ ዘይትና ውኃ ተለያይተው አይቀመጡም። ጋዙ ሲለቀቅ አየሩን ያተራምሰዋል። ባይተራመስም እንኳ ቀስ በቀስ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ትንሽ ጋዝ የተለቀቀበት በርሜል ውስጥ ያለው ንጹሕ ጋዝ ሳይሆን ድብልቅ ነው።

ቁጥሩን እንየው። «ባዶ» የምንለው 19 ሊትር በርሜል በደብረ ብርሃን ከፍታ ወደ 4 ግራም ኦክስጅን ይይዛል። ፋብሪካዎች ደግሞ በታሸገ ቢራ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይጥራሉ። ለ19 ሊትር ሲሰላ ከ2 ሚሊግራም በታች መሆኑ ነው። ተቀባዩ በርሜል ውስጥ ያለው ከሚፈቀደው 2,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል። አየሩ ሁሉ ቢራው ውስጥ አይገባም፤ አብዛኛው ተገፍቶ ይወጣል። ግን ከሺህ አንዱ እንኳ ቢቀር ሒሳቡ ይበላሻል።

ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው በርሜሉን ዘግቶ ጋዝ መሙላት፣ ማስተንፈስ፣ እንደገና መሙላት ነው። የግፊት መለኪያው ጌጅ 2 ባር እስኪያነብ ሞልተን ስናስተነፍስ እዚህ ከፍታ ላይ ከነበረው አየር ሩብ ያህሉ ይቀራል። ይህን አምስት ጊዜ ብንደግም ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ይቀራል። ስድስተኛው ጊዜ ላይ ከ2 ሚሊግራም በታች ወረድን ማለት ነው። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ደግሞ በርሜሉን በንጽሕና ፈሳሽ እስከ አፉ መሙላት፣ መክደን፣ ከዚያ ፈሳሹን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ገፍቶ ማስወጣት ነው። ፈሳሽ የያዘው ቦታ ላይ አየር የለም። ፈሳሹ ሲወጣ የሚተካው ጋዙ ብቻ ነው። የወጣው ፈሳሽም ለሚቀጥለው በርሜል ያገለግላል።

«እኛ ጋ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅን አያሰጋንም»

ይህን የሚለው ሰው ብልህ ይመስላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ አካባቢ ያንሳል፤ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ። ባሕር ዳርቻ ላይ ያው በርሜል ከ5 ግራም በላይ ኦክስጅን ይይዝ ነበር። እኛ ጋ 4 ነው። የሚፈለገው ግን 2 ሚሊግራም ነው። ከሁለት ሺህ እጥፍ ላይ ሢሶው ቢቀነስ ምን ይፈይዳል?

ከፍታው የሚያመጣው ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው፤ ጌጁ ላይ ነው ያለው። ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ቢራው ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ግን የሚወሰነው በጠቅላላ ግፊቱ ነው። ስንት ግፊት እንደሚያስፈልግ የሚነግሩት የቢራ ጋዝ ሠንጠረዦች ደግሞ የሚዘጋጁት ለባሕር ወለል ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሠንጠረዡ ከሚለው 0.3 ባር ያህል መጨመር ያስፈልጋል። 0.8 ካለ 1.1 ይደረጋል። ይህን ሳያውቁ «ቢራዬ ጋዝ አይይዝም» እያሉ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር የሚቀይሩ አሉ። ሬጉሌተሩ ምንም አላጠፋም።

«ቢራው እንዲሄድ ግፊት መክፈት ነው»

ግፊት ይገፋል፤ አይካድም። ግን ብዙ ጋዝ ይበላል፣ ቢራውንም አረፋ በአረፋ ያደርገዋል። የተሻለው መንገድ ሁለቱን በርሜሎች ማመጣጠን ነው። ሁለቱም ይቀዝቅዙ። ተቀባዩ ልክ እንደ ሰጪው ግፊት ይያዝ። ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፣ ተቀባዩ መሬት ላይ ይቀመጥ። የሁለቱ የቢራ መውጫዎች በቱቦ ይገናኙ። እንዲህ ሲሆን ቢራው የሚገባው እስከ ታች በሚወርደው ውስጠኛ ቱቦ ስለሆነ ሳይፈናጠር ከሥር ወደ ላይ ይሞላል። ከዚያ የተቀባዩን ማስተንፈሻ ለአፍታ ከፈት ማድረግ ነው። ቢራው መውረድ ሲጀምር ማስተንፈሻው ይዘጋና የሁለቱ የጋዝ መግቢያዎች በሌላ ቱቦ ይያያዛሉ። ከተቀባዩ የሚወጣው ጋዝ ተመልሶ ሰጪው ውስጥ ቢራው የለቀቀውን ቦታ ይሞላል። ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። የቀረውን ስበት ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ቱቦውን ይረሳል። ውስጡ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአንድ ሜትር ቱቦ ሲቆረጥ አየር ነው የያዘው። በዚያ አየር ውስጥ ከ5 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን አለ። በርሜሉን ስድስት ጊዜ አጥበን ያተረፍነውን ቱቦው ብቻውን ያከስረናል። መላው ቀላል ነው፤ ከመገናኘቱ በፊት ትንሽ ቢራ በቱቦው አሳልፎ ብርጭቆ ውስጥ ማፍሰስ። ያ ብርጭቆ የጠማቂው ድርሻ ነው። የጋዙም ቱቦ እንዲሁ በጋዝ ይነፋ።

መሙላቱን ለማወቅ ክዳን መክፈት አያስፈልግም። ሚዛን ካለ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ሊትር ቢራ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል።

«አረፋ ከበዛ አየር ገብቷል ማለት ነው»

አይደለም። በተዘጋ በርሜል ውስጥ የሚነሳው አረፋ ከራሱ ከቢራው የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያናድዳል እንጂ ኦክስጅን አያመጣም። እንዲያውም ጠርሙስ ሲሞላ አረፋው እስከ አንገቱ ሲነሳ ነው የሚከደነው፤ የቀረውን አየር ገፍቶ ያስወጣልና።

«አየር የነካው ቢራ ይኮመጥጣል፤ ካልኮመጠጠ ደህና ነው»

ይህ ከጠላ የመጣ እውቀት ነው፤ ለጠላ ደግሞ ትክክል ነው። ጋኑን ዘግቶ አፉን መምረግ የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። አየር ሲገባ ኮምጣጤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምራሉ። እናቶቻችን ባክቴሪያውን ባያዩትም ሥራውን ያውቁታል።

ንጽሕናው የተጠበቀ ቢራ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። መጀመሪያ የሆፕሱ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) መዓዛ ይጠፋል። ቀጥሎ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል፣ ወይም የቆየ ማር ዓይነት ጣዕም ይመጣል። ሆፕስ የበዛበት ቢራ ቀለሙም ይጠቁራል። ምንም ሳይኮመጥጥ ተበላሽቷል። ይህ በአንድ ቀን አይታይም፤ በሳምንታት ነው። ሙቀት ያፋጥነዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለዛሬ ማታ ድግስ ከሆነ ግን እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም። ቢራው ከመበላሸቱ በፊት ያልቃል።

«ጋዝ ከሌለ የጎሚስታው ኮምፕሬሰርም ይገፋዋል»

ይገፋዋል። የሚገፋው ግን 21 በመቶ ኦክስጅን ባለው አየር ነው፤ ያውም በግፊት፣ አንዳንዴም ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር። ለጎማ ይሁን። ለብየዳ የሚሸጥ ድብልቅ ጋዝም ለቢራ አይሆንም፤ ለምግብ የተዘጋጀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን መጠየቅ ነው።

«ኦክስጅን ለቢራ ሁልጊዜ ጠላት ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ገና ሲጠነሰስ እርሾው ለመራባት ኦክስጅን ይፈልጋል። ያኔ ከብቅሉ የወጣውን፣ የቀዘቀዘውን ጭማቂ ማናፈስ ጥሩ ነው። ጠላት የሚሆነው መፍላቱ ካበቃ በኋላ ነው።

«ጋዙ የምንጠጣው ነው፤ ሰው አይጎዳም»

ይጎዳል። እኛ ጋ ደግሞ ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ መሥራት የተለመደ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም። ከአየር ጋር ይቀላቀላል ብያለሁ፤ ግን በተዘጋች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ጋዝ ሲለቀቅ እስኪቀላቀል ድረስ ወለሉ አካባቢ ይበረታል። በርሜል የሚያዛውር ሰው ደግሞ የሚያጎነብሰው እዚያው ነው። ራስ ምታትና ትንፋሽ መፍጠን ምልክቶቹ ናቸው። በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን 10 በመቶ ከደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል። ሲሊንደሩ ቆሞ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። የበርሜሉ ክዳን ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይተነፍስ አይነካ። ጋዝ በሚለቀቅበት ሰዓት ሁሉ በሩ ክፍት ይሁን፤ ከበረደ ጋቢ መደረብ ይቻላል።