በኪሮሽ የሚሠራ የዕቃ ማጠቢያ፦ የሚባለውና እውነታው

ቤት ውስጥ ከተረፈ ክርና ከአሮጌ መረብ ጥሩ የዕቃ ማጠቢያ ይወጣል። ብዙ ሰው ግን የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ይጀምርና አንዱን ሠርቶ ይተወዋል። ያ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ችግሩ ብዙ ጊዜ የእጅ ሳይሆን የክር ምርጫ ነው።

“ርካሽ ክር ለዕቃ ማጠቢያ አይሆንም”

እንዲያውም የሚሻለው እሱ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ርካሽ ነው፣ ውሃ ብዙም አይጠጣም፣ ጨመቅ አድርገው ከሰቀሉት ቶሎ ይደርቃል። ውዱ ሱፍ ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ይሸበሸባል፣ ይደድራል።

“የትኛውም ክር ያው ነው”

አይደለም። ጥጥ ውሃ ስለሚጠጣ ለብርጭቆና ለጠረጴዛ ግሩም ነው፤ የተጣበቀ ምግብ ግን አያስለቅቅም። ለዚያ ሻካራ ነገር ያስፈልጋል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የናይለን ቱል፣ ማለትም እንደ መረብ ያለ ስስ ጨርቅ ነው። ያረጀ መጋረጃ ወይም የቬሎ ትራፊ ካለ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ስፋት እየሸነሸኑ እንደ ክር መሥራት ነው። ቁራጩ ኪሮሹ ላይ ሲታጠፍ ጠርዙ በየአቅጣጫው ብቅ ብቅ ይላል፤ ቆሻሻውን የሚፍቀው ያ ጠርዝ ነው። ቱሉ ለመሥራት ስለሚያስቸግር በቀጭን ኪሮሽ አትታገሉት፤ 6 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። አንድ የጥጥ ክር አብሮ ቢያዝ ደግሞ አረፋ የሚይዝም የሚፈገፍግም ይሆናል። የሽንኩርት መረብ ከረጢትም ይሠራል፤ ማሰሪያ ሽቦው ተለቅሞ ይውጣ እንጂ።

“ጠበቅ ተደርጎ ከተሠራ ይበረክታል”

ጠበቅ ያለ ሥራ ውስጡ አይደርቅም። ምግብ ይሰነቀርበታል፣ ይሸታል። ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት፤ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ካላለፈ ጠብቋል ማለት ነው። መጠኑም መዳፍ የሚያክል ይብቃው።

“በአክሪሊክ ካጠቡ ሳሙና አያስፈልግም”

ግማሽ እውነት አለው። የአክሪሊኩ ጥቃቅን ክሮች ስስ ቅባት ስለሚያነሱ የሻይ ብርጭቆ በውሃ ብቻ ሊጠራ ይችላል። የረጋ ስብ ያለበት ድስት ግን ያለ ሳሙና አይለቅም። እያንዳንዱ የሳሙና ቅንጣት በአንድ ጫፉ ቅባቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል፤ ይህን የሚተካ ክር የለም።

“ሙቀት አይጎዳውም”

አክሪሊክም ናይለንም ሙቀት አይወዱም። ከእሳት የወረደ መጥበሻ በእነሱ አይነካ። ከፌስታል የተሠራውማ የባሰ ነው፤ ከሚፈላ ውሃ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ይቀልጣል። ተቀቅሎ እንዲጸዳ የምትፈልጉትን ከንጹህ ጥጥ ሥሩት።

“በእጅ የተሠራ ስለሆነ አካባቢን አይጎዳም”

ሰው ሠራሽ ክር በተፈተገ ቁጥር ለዓይን የማይታይ ብናኝ ከውሃው ጋር ይለቃል። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ጥጥ ወይም ቃጫ ምረጡ። ቃጫ ሻካራ ስለሆነ መፈግፈጉንም ይችላል።

“ኪሮሽ የማይችል አይሞክረው”

ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። በ6 ስፌት ዙሪያውን ይጀመራል፣ በየዙሩ 6 ስፌት ይጨመራል፦ 12፣ 18፣ 24። ዳሩ ከተጨማደደ ስፌቱ በዝቷል፣ እንደ ሳህን ከጎደጎደ አንሷል። ቢንጋደድም ያጥባል። የምር ጥንቃቄ የሚፈልገው መጨረሻው ነው፦ ናይለንና አክሪሊክ ያንሸራትታሉ፤ ስለዚህ የክሩን ጫፍ ረዘም አድርጋችሁ አስቀሩና ወዲያና ወዲህ እየመለሳችሁ አስገቡት። አጥራችሁ ከቆረጣችሁት መተርተሩ አይቀርም።