ከአሲድ ዝናብ በኋላ የሐይቆችና የወንዞች ማገገም፦ ለሰሜን ሸዋ አንባቢ የቀረበ ዳሰሳ

የአሲድ ዝናብ የሚፈጠረው ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ቃጠሎ እንዲሁም ከማዕድን ማቅለጫዎች የሚወጡት ሰልፈር ዳይኦክሳይድና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በአየር ላይ ወደ አሲድነት ተለውጠው ከዝናብ፣ ከበረዶ ወይም ከጉም ጋር ሲወርዱ ነው። ንጹሕ ዝናብም ቢሆን ፒኤቹ (ሲያንስ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ ነው) 5.6 ገደማ ስለሆነ በመጠኑ አሲዳማ ነው። በስካንዲኔቪያና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በብክለቱ ዘመን የተለካው ግን ወደ 4 የተጠጋ ነበር፤ ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ ዐሥር እጥፍ ያድጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ሮበርት አንገስ ስሚዝ የማንቸስተርን ዝናብ በ1852 መርምሯል። ጉዳዩ የአገሮች ሙግት የሆነው ግን ስዊድናዊው ስቫንቴ ኦዴን በ1967 የሐይቆቹን መበላሸት ከሌሎች አገሮች ከሚመጣ ጭስ ጋር ካያያዘ በኋላ ነው። ረጃጅም ጭስ ማውጫዎችም ችግሩን ከማስወገድ ይልቅ ወደ ጎረቤት አሻገሩት፤ በካናዳ ሰድበሪ በ1972 የተተከለው 381 ሜትር ይረዝም ነበር። በ1979 ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለትን የሚመለከተው የጄኔቫ ስምምነት ተፈረመ፤ የ1985 የሄልሲንኪ ፕሮቶኮል ሰልፈርን በ30 በመቶ መቀነስን ግዴታ አደረገ፤ አሜሪካ በ1990 የአየር ሕጓን አጠበቀች። የአውሮፓ የሰልፈር ልቀት ከ1980 ወዲህ ከአራት አምስተኛ በላይ ወርዷል።

ዝናቡ ቶሎ ጠራ፤ ውኃው ግን አልተከተለውም። ምክንያቱን ከማንም በላይ አጥርቶ ያሳየው ከ1963 ጀምሮ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ሐባርድ ብሩክ ደን ያለማቋረጥ የተካሄደው ልኬት ነው። ለዐሥርተ ዓመታት የወረደው አሲድ ከአፈሩ ካልሲየምና ማግኒዚየም አጥቦ ወስዷል፤ እነዚህ ሲያልቁ አሉሚኒየም ሟሙቶ ወደ ጅረቱ ይገባል፣ በዓሣው ስንጥብ ላይም ተለጥፎ ትንፋሽ ያሳጣዋል። የልቀቱ መቀነስ የሚወርደውን አሲድ እንጂ የጠፋውን ካልሲየም አይመልስም፤ እርሱን በዋናነት የሚተካው ቀስ ብሎ የሚፈረፍር ዐለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመፈተን በ1999 አንዱን ትንሽ ተፋሰስ መርጠው ዎላስቶናይት የተባለ የካልሲየም ሲሊኬት ማዕድን እንክብል በሄሊኮፕተር በተኑበት፤ የጅረቱ አሲድነት ቀነሰ፣ ተዳክመው የነበሩት የስኳር ሜፕል ዛፎችም አገገሙ። በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ አሳማኝ ማስረጃ የለም።

ስዊድንና ኖርዌይ ያን ያህል መጠበቅ ስላልቻሉ ኖራ መጨመርን መረጡ። በኖርዌይ ማንዳል ወንዝ ሳልሞን ዓሣ ጠፍቶ ነበር፤ ከ1997 ጀምሮ ኖራ በመጨመሩ ተመልሷል። በአንጻሩ የብዙ ወንዞችና ሐይቆች ውኃ እያገገመ ሳለ ቡናማ መሆኑ ያከራክራል፦ አንዳንዶች አሲዱ ሲቀንስ አፈሩ ይዞት የቆየውን የብስባሽ ቅሪት ስለሚለቅ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ሙቀትንና የደን መስፋፋትን ያነሣሉ፤ ምናልባትም ሁሉም ድርሻ አላቸው። 

ለሰሜን ሸዋ ጉዳዩ የሚቀርበው በዐለቱ በኩል ነው። የተጎዱት የስካንዲኔቪያ ሐይቆች የተኙት በግራናይትና ግናይስ ላይ ሲሆን፣ እነዚህ አሲድን የማርገብ ዐቅማቸው ደካማ ነው። የእኛ ደጋ ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ዐለት፣ የባዛልት አገር ነው፤ ከመልክዐ ምድሩ አንዱ ንጣፍ በጂኦሎጂ ካርታ ላይ የጣርማበርን ስም የያዘው በከንቱ አይደለም። በጣርማበር ዋሻ አቅራቢያ መንገዱ የቆረጠውን ገደል ቀርቦ ያየ ሰው፣ ውስጡ ጥቁርና ጠንካራ የሆነው ድንጋይ ከላዩ እንደ ዝገት ቀልቶ በጣት ሲነካ እንደሚፈረፍር ያስተውላል። በዚህ መፈረፈር ካልሲየምና ማግኒዚየም ይለቀቃሉ፤ በዚህም የተነሣ እንደ በረሳ ያሉ ወደ ጀማ የሚወርዱ ወንዞችም ሆኑ በምሥራቁ ገደል ወደ አዋሽ የሚወርዱት፣ ሐባርድ ብሩክን የመሰለ ጉዳት በቀላሉ አይደርስባቸውም። ይህ ጥበቃ ግን የሚሠራው ለአሲድ ነው፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚያመጣውን ክሮምየምም ሆነ ማቅለሚያ አያስወግድም።

በደጋው ገብስና ባቄላ የሚያቀጭጨው የአፈር አሲዳማነት ከጭስ ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ በአብዛኛው የብዙ ዘመን ዝናብ ከማሳው ማዕድን ስላጠበ፣ አዝመራው ከነገለባው ስለሚወሰድና የከብቱ ኩበት ለማገዶ ስለሚውል የመጣ ነው። መድኃኒቱ ግን ከማንዳል ወንዝ መድኃኒት ጋር አንድ ነው፦ ኖራ። ገበሬው በማሳው ላይ በትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ ይደባልቀዋል፤ ማሳው እንደገና አሲዳማ ስለሚሆንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድገም አለበት።