ኦአርኤስ ምንድን ነው? ተቅማጡን ካላቆመውስ ለምን እንሰጣለን?

ፋርማሲ ስሰራ በብዛት ከምሰማው ቅሬታ አንዱ ይሄ ነው፣ «ያን ዱቄት ሰጥታችሁኝ ነበር ምንም አልሰራም፣ ልጁን አሁንም ያስቀምጠዋል፣ ጠንከር ያለ ነገር የላችሁም?» እውነቷን ነው፣ ተቅማጡ አልቆመም። ግን ኦአርኤስ መጀመሪያውኑ ተቅማጥ እንዲያቆም የተሰራ ነገር አይደለም። ይሄን ደግሞ ማንም አልነገራትም፣ እኛም ወረፋው ሲበዛ «በውሃ በጥብጠሽ አጠጪው» ብለን ነው የምንሸኛት፣ ታዲያ እሷ ምን ታድርግ።

ኦአርኤስ ማለት በተቅማጥና በትውከት የወጣውን ውሃና ጨው መተኪያ ነው፣ በቃ። ጤና ጣቢያ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ይሉታል፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ በአንዱ ብራንድ ስም ለምለም የሚሉት አሉ። የ1 ሊትሩ ፓኬት ውስጥ ያለው 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የምንበላው ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። አንቲባዮቲክ የለበትም፣ ማስታገሻ የለበትም። ልጅን በተቅማጥ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ መድረቁ ነው፣ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚወጣው ውሃ ቶሎ ይጎዳዋል፣ ተቅማጡማ አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ቀኑን ቆጥሮ ራሱ ይቆማል፣ እስኪቆም ድረስ ልጁ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው የኛ ስራ።

«ታዲያ ዝም ብዬ ውሃ ብሰጠውስ?» ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንጀት ውስጥ ጨው የሚገባበት አንድ በር አለ እንበል፣ ይሄ በር ለጨው ብቻውን አይከፈትለትም፣ ከስኳር ጋር ተያይዞ ሲመጣ ነው የሚከፈትለት፣ ጨውና ስኳሩ ሲገቡ ደግሞ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። የሚገርመው ኮሌራ ሌላውን ሁሉ ሲያበላሽ ይሄን በር አይነካውም። ስለዚህ ከታች እየወጣ ከላይ ማስገባት ይቻላል። ግን ስኳሩ ከበዛ ነገሩ ይገለበጣል፣ አንጀት ውስጥ የቀረው ስኳር ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስበዋል፣ ተቅማጡ ይብሳል። ለዛ ነው ለታመመ ልጅ ለስላሳ ገዝቶ መሄድ ፍቅር ቢሆንም የማይጠቅመው።

ይሄ ነገር ስሙን ያገኘው በችግር ጊዜ ነው። በፈረንጁ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዳካ (የዛሬዋ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ) ላይ ናሊንና ካሽ የሚባሉ ሐኪሞች የኮሌራ ታማሚ በአፉ ጠጥቶ ሊድን እንደሚችል አሳይተው ነበር፣ ያኔ ግን ብዙ ሐኪም አላመነም። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኛው ወደ ህንድ ጎረፈ፣ ድንበሩ ላይ ባንጋኦን የሚባል ቦታ ኮሌራ ገባ፣ በደም ስር የሚሰካው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባለው ሐኪም ጨውና ግሉኮስ እያስመዘነ በትልልቅ በርሜል አስበጠበጠና የታማሚው ቤተሰብ ራሱ በኩባያ እየቀዳ እንዲያጠጣ አደረገ። ከመቶው 30 ገደማ ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ነርስም ሐኪምም ያልሆነ፣ እናትና ወንድም ባጠጡት ማለት ነው! እኛ ጋ ዛሬም «ግሉኮስ ካልተሰካለት አልታከመም» የሚል ሰው አለ፣ መጠጣት ለሚችል ልጅ ግን ኦአርኤሱ ያው ስራ ነው የሚሰራው፣ ያለ መርፌ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። ሰው ፓኬቱን ከፋፍሎ በብርጭቆ ይበጠብጣል፣ ወይ ሙሉውን በግማሽ ሊትር ውሃ፣ «ወፈር ቢል ይሻለዋል» ብሎ። አይሻለውም፣ ጨው ይበዛበታል፣ ለህፃን ደግሞ ይሄ አደገኛ ነው። ሌላው ደግሞ ለመቆጠብ ያቀጥነዋል፣ እሱም አይሰራም። ፓኬቱ ላይ የተፃፈውን እዩ፣ 1 ሊትር ካለ ሙሉ ፓኬቱን በአንዴ በ1 ሊትር ንፁህ ውሃ ነው፣ መለኪያ ከሌላችሁ የ1 ሊትር ሃይላንድ ያዙ (ብራንዱ ምንም ይሁን ለኛ ሁሉም ሃይላንድ ነው አይደል)፣ ግማሽ ሊትሩን ወይ ባለ 2 ሊትሩን እንዳታምታቱ። ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ከተበጠበጠ በኋላ ግን አታፍሉት፣ ስኳርም ወተትም አትጨምሩበት፣ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት።

አሰጣጡ ላይ፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሩብ ወይ ግማሽ ትልቅ ብርጭቆ፣ ከዛ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። በጡጦ ጋት ጋት አድርጎ ከጠጣ ያስመልሰዋል፣ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ጀምሩ፣ ያስመለሰው ሁሉም አይደለም፣ የቀረ አለ። አሰልቺ ነው፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ማንኪያ ማንኪያ መስጠት፣ አውቃለሁ።

ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ይሰጣል፣ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዛ በታች ላለው 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡን የሚያሳጥረው እንግዲህ ይሄኛው ነው፣ ግን በ3ኛው ቀን ልጁ ሲሻለው የቀረው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞችም ሁለቱንም ይሰጣሉ። ፍላጅል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከጎረቤት ተውሶ መስጠቱን ግን ተዉት።

ቤት ውስጥ ሌላ የምጣላበት ነገር «ጥርስ ሊያበቅል ነው» የሚለው ነው። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም፣ ያ ዕድሜ ልጁ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ዕድሜ ስለሆነ ነው። «ውሃ አትስጡት ይብስበታል» የሚሉ እማማዎችም አሉ፣ አክብሬ ነው የምላቸው፣ እማማ እሱ ነው የሚያደርቀው። ጡትም አይቋረጥ፣ አጥሚትም ገንፎም ይሰጠው።

ዓይኑ ከገባ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንት ካቆመ፣ ከፈዘዘ ወይ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ቤት አትቆዩ። አዋቂም ቢሆን እንደ ሩዝ ውሃ እየወረደው ከሆነ አተት ሊሆን ስለሚችል፣ ኮሌራ ማለት ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ይጥላል፣ በመንገድ ላይ ኦአርኤሱን እየጠጣ ይሂድ። በጣም የከሳ፣ የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ደግሞ ለብቻው የተዘጋጀ ሌላ ፈሳሽ አለው፣ እሱን ጤና ጣቢያ ነው የሚወስኑለት።

መከላከሉን ስለምታውቁት አላሰለቻችሁም፣ ከሽንት ቤት በኋላና ህፃን ካፀዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውሃ ማፍላት ወይ ውሃ አጋር መጨመር፣ እና የሮታ (ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ ነው) ክትባት፣ ከ2013 ጀምሮ (በፈረንጁ) በመደበኛው የህፃናት ክትባት ውስጥ ገብቷል፣ ካርዱን አይታችሁ ያልተሰጠ ካለ ጠይቁ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፓኬት ከሌለስ? 1 ሊትር ንፁህ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ለጥ ብሎ እንጂ ክምር ሳይሆን። ጨውና ስኳሩን ገልብጦ የበጠበጠ ሰው አጋጥሞኛል፣ ስለዚህ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ቅመሱት፣ ከእንባ የበለጠ ጨው ካለው ድፉትና እንደገና ለኩ።