የሳል መድኃኒት ለፓርኪንሰን? ነባር መድኃኒትን ለሌላ በሽታ ማዋል ምንድን ነው?

የ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ሲነሳ እኛ ትዝ የሚለን ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረሥላሴ ናቸው። በመክፈቻው ምሽት ችቦውን የለኮሰው ግን መሐመድ አሊ ነበር፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ። ፓርኪንሰን እንዳለበት ከታወቀ ያኔ 12 ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚህ በሽታ ሰውነት በቅጡ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል፤ ሰውነት ፈታ ይላል። የሴሎቹን ሞት ግን አያስቆምም። ይህን የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

አዲስ መድኃኒት ከዜሮ ተነስቶ ፋርማሲ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ወጪው ደግሞ አይጣል ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች አቋራጭ ፈለጉ፦ ለሌላ በሽታ የተፈቀደ፣ ሰው ለዓመታት ሲወስደው የኖረ መድኃኒት ወስዶ በፓርኪንሰን ላይ መሞከር። የጎንዮሽ ጉዳቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ብዙ ደረጃ ይዘለላል።

ነገሩ በአጋጣሚም ሆኖ ያውቃል። አማንታዲን የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ነበር። በ1968 አንዲት የፓርኪንሰን ታማሚ ኢንፍሉዌንዛ እንዳይዛት ስትወስደው መንቀጥቀጧ ቀለል አለላት፤ ስታቆም ተመለሰባት። ለሐኪሟ ነገረችው። መድኃኒቱ ዛሬም ለፓርኪንሰን ይታዘዛል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ገንዘብ። የፓተንት (በብቸኝነት የማምረት መብት) ጊዜው ያለፈበትን ነባር መድኃኒት ማንም ፋብሪካ ማምረት ይችላል። አንዱ ኩባንያ ለሙከራው ብዙ ሚሊዮን ቢያወጣ፣ ተፎካካሪው ያንኑ ኪኒን በርካሽ ይሸጥበታል። አንዱ ዘርቶ ሌላው ለሚያጭደው እርሻ ማን በሬ ያወጣል?

ክፍተቱን የሚሞሉት በአብዛኛው መንግሥታትና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በ29 ዓመቱ ፓርኪንሰን ተገኘበት፤ በ2000 ያቋቋመው ፋውንዴሽን እስካሁን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለምርምር አውጥቷል። በእንግሊዝ ደግሞ ኪዩር ፓርኪንሰንስ የተባለው ድርጅት ትኩረቱ በተለይ እንዲህ ባሉ ሙከራዎች ላይ ነው።

ሁሌ ይሳካል ማለት አይደለም። ኤክሴናታይድ የስኳር በሽታ መርፌ ነው፤ መነሻው፣ ማን ያምናል፣ የአንድ መርዛማ የበረሃ እንሽላሊት ምራቅ ነው። በ2017 የወጣው የ62 ታማሚዎች ሙከራ ብዙ ሰው አስደሰተ። በ2025 የታተመው ትልቁ ሙከራ ግን 194 ታማሚዎችን ለ96 ሳምንታት ተከታትሎ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ለማወዳደሪያ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት እንዳልተሻሉ አሳየ። ገንዘቡን ውኃ በላው የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ትልቁ ሙከራ ባይደረግ ኖሮ ስንቱ ታማሚ በ62 ሰዎች ውጤት ተስፋ አድርጎ ኪሱን ያራግፍ ነበር?

አሁን ብዙዎች የሚጠብቁት አምብሮክሶልን ነው፤ በብዙ አገር አክታ ለማቅጠን የሚሸጠውን የሳል መድኃኒት። በሴል ውስጥ ቆሻሻ የሚያጸዳ አንድ ኢንዛይም ያጠናክራል ተብሎ ይታሰባል። እንግሊዝ ውስጥ 330 ታማሚዎችን ለሁለት ዓመት የሚከታተል ሙከራ ተጀምሯል።

ይህን ሰምቶ ሽሮፕ ሊገዛ የተነሳ ካለ ግን ይቆይ። በመጀመሪያው አነስተኛ ሙከራ ታማሚዎቹ የወሰዱት በቀን እስከ 1,260 ሚሊግራም ነው፤ ለሳል ከሚታዘዘው ከአሥር እጥፍ በላይ፣ ያውም ሐኪም እየተከታተላቸው።